ግሪስ የተቀባው ፒያኖ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ፒያኖው ውስጥ ውሃ የሞላ ጣሳ አኖርኩ። በዚህ ሙቀት እንጨቱ ካልረጠበ ይሰነጠቃል። ፒያኖው የአባቴ ነበር፤ አሁን ተወርሶ የቀበሌው አዳራሽ ንብረት ነው። የራሴን ፒያኖ ለመንካት ሊቀ መንበሩን አስፈቅዳለሁ። ይህን ካንተ በቀር ለማን እላለሁ፣ ደብተሬ?

ሊ/መ ጠራኝ። በሚመጣው ሳምንት የሶቪየት እንግዶች አሉ፤ የሩሲያ ዘፈን እንድጫወት። አባቴ ዩክሬናዊ ነበር አልኩት። ያው አይደለም ወይ አለኝ። ያው አይደለም። አባቴ ከአገሩ የሸሸው ከቦልሼቪኮች ነው። እዚህ መጥቶ ባቡር ጠገነ፣ የሐረር ሴት አገባ፣ ሞተ። ይህን አልነገርኩትም። ልጅ ሆኜ ሰፈሩ «የመስኮቡ ልጅ» ሲለኝ፣ ሩሲያዊ ተባልኩ ብሎ አባቴ ይቆጣ ነበር። አሁን በመንግሥት ትእዛዝ መስኮብ ልሆን ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ልምምድ፣ ከቀበሌው የኪነት ቡድን ጋር። ከበሮ መቺው ከጫት ተነስቶ ይመጣል። ምርቃናው ሲወጣ ይሮጣል፣ ሲወርድ ይተኛል። እኔ የሰልፍ ማርሽ እመታለሁ።

ፓሪስ ሕግ እንድማር ተልኬ ነበር። ቀን ሕግ፣ ማታ ጃዝ። ሕጉን ተውኩት። አዲስ አበባ፣ የተጫወትኩባቸው ሆቴሎች፣ ጥሩዎቹ ዓመታት። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ የሌለው አገር ጃዝ ምን ያደርግለታል? ደግሞም የኢምፔሪያሊስት ነው ተብሏል።

ፔዳሉ ይጮኻል። ሰው ፊት ተቆጣሁ፦ ይህ ፒያኖ ነው ወይስ የመልካ ጀብዱ ጋሪ? ሙሳ ሳቀ። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ለቡድኑ በሶማሊኛ ይዘፍናል። ከሁሉም እውነተኛ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው። «አቦ ጋሼ፣ ዘይት የሚያስፈልግህ አንተ ነህ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11



አዳራሽ ስገባ ሙሳ ቆሞ ይጠብቀኛል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ሊያስደስተኝ ብሎ ፒያኖውን ፈትቶ፣ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ የሎኮሞቲቭ ግሪስ ቀብቶታል። መዶሻዎቹን። የመዶሻዎቹን ሱፍ። ሽቦዎቹን ሳይቀር። «ስማው ጋሼ፣ አሁን ምንም አይጮህም።»

እውነቱን ነው። ምንም አይጮህም። ቁልፉን ስጫነው ይወርዳል፣ አይመለስም።

በዚህ የባቡር ከተማ ሰው ሁሉ የሚያድገው የሚጮህ ብረት ግሪስ ይፈልጋል ሲባል እየሰማ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም አህያ አልኩት። ሰዎቹ ፊት፣ ደጋግሜ። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ወጥቼ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋና ፍየል ብቻ።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ሙሳን ትናንት አሰሩት። ሊ/መ አስጠርቶኝ አሻጥር ነው ይላል። እንግዳ ሊመጣ ሲል የሕዝብ ንብረት ያበላሸ፣ ያውም ሶማሊ፣ ሰርጎ ገብ ነው አለ። «ጓድ፣ አንተ አላዘዝከውም አይደል? ይህችን ብቻ ነገ ለኮሚቴው ትናገራለህ» አለኝ። ፈገግ አለ። የረዳኝ መስሎታል። ሰርጎ ገብ የተባለ ሰው የት እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

የቀበሌው በር ላይ የሙሳ ሚስት ፋጡማ ምሳውን እንደያዘች ቆማለች። አላስገቧትም። «ላንተ ብሎ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ከምሽቱ 1 ሰዓት

ፒያኖዬን ገድሎታል። ይቅር አልለውም። ግን ሰርጎ ገብ አይደለም።

ነገ፣ ቀባው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ይጠቅማል መስሎኝ። ዕድሜውን ሙሉ ፒያኖ የተጫወተ ሰው፣ ፒያኖ በግሪስ የሚያስጠግን። ከበሮ መቺው እንኳ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሊያስሩኝም ይችላሉ። ሸሚዜን ተኩሻለሁ።

ምን ዓይነት ግሪስ አዘዝክ ቢሉኝ አላውቅም። ሰዓት እላፊው ሳይገባ ፋጡማ ቤት ሄጄ ሙሳ የቀባው የትኛውን እንደሆነ ልጠይቃት።