የኅዳር ጽዮን ዕለት ሚዛን

ኅዳር ፲፮፣ ረቡዕ ማታ

ደብተሬ ሆይ፣ ወገቤ አልቻለም። ቀኑን ሙሉ ጤፍ ስመዝን ዋልሁ። አመሻሽ ላይ አዲሱ የወፍጮ ቤት ሥ/አስኪያጅ፣ አቶ ደምሴ፣ ሰበሰበን። ደመወዝ ሳይቆረጥ የሚከበሩትን በዓላት አነበበልን። ኅዳር ጽዮን የለችም። የእስላሞቹ ዒድም የለም። ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰናበታል ተባለ። ባሕረ ሐሳብ ያስተማርሁ ሰው፣ በዓል የትኛው እንደሆነ ከትናንት ልጅ ልማር?

ኅዳር ፲፯፣ ሐሙስ

ቢሮው ገባሁ። የደብረ ማርቆስ ክርስቲያን በጽዮን ዕለት እህል እንደማያስፈጭ አስረዳሁት። ወፍጮ በዓል አያውቅም አለኝ። ወፍጮውስ አያውቅም፤ ሰው ያውቃል እንጂ። በመጨረሻ ለሽምግልናዬ ሲል የፊታችንን ሰኞ፣ የጽዮንን ዕለት፣ በደመወዝ ፈቀደልኝ። ሁለተኛው መዛኝ ሰይድ ግን ግድ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። ሰይድ የቁይ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨዋ። ተጠርቶ ዒዱ መቼ እንደሚውል ተጠየቀ። ጨረቃ ስትታይ አለ። አቶ ደምሴ ሳቀበት። ሳቁ አናደደኝ። አበቅቴና ሠርቀ ጨረቃ አስልቼ፣ ዒድ እሑድ ይውላል ብዬ ቆረጥሁ። እሑድ ወፍጮው ዝግ ነው፤ ነገሩ አለቀ። ሰይድ ስንወጣ፣ «መሪጌታ፣ ጨረቃዋስ ነግረዋታል?» አለኝ። መቀለዱ ነው።

ኅዳር ፲፱፣ ቅዳሜ ማታ

ሰማዩ ጥርት ያለ። ጨረቃ የለችም። ደግሜ አሰላሁ፤ ስሌቱ እንከን የለውም። የሰይድ ሰዎች ግን ጨረቃዋን በዓይን ካላዩ ጾም አይፈቱም። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የሚያበሽቀኝም ማወቄ ነው። ነገ ይጾማሉ። ዒድ ሰኞ ሆነ።

ኅዳር ፳፣ እሑድ፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ሰይድ መጣ። ግባ ብለው ደጃፍ ቆመ። አባቱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ዒድ ነው፤ እናቱ ከቁይ መጥታ ቤቱ ናት። ነገ ሥራ እንደሚገባ እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆታል። ቢቀር ይሰናበታል። አቶ ደምሴ ደጀን ወርዷል፤ የሚለመን ሰው የለም።

«ጥፋቱ የጨረቃዋ ነው፣ መሪጌታ፤ የእርስዎ አይደለም» አለኝ።

ከስድብ ከፋብኝ።

«ሂድ። ነገ እኔ እመዝናለሁ።»

«በጽዮን?»

«በጽዮን አልሁህ።»

ሌሊቱን ማኅሌት እቆማለሁ፤ ሲነጋ ወደ ሚዛን። ቅዳሴው ይቀርብኛል። በዚህ ዕድሜዬ!

ኅዳር ፳፩፣ ሰኞ፣ ፬ ሰዓት

ሚዛኑ ዘንድ ነኝ። መቋሚያዬ ከጎኔ። ሰው የለም፣ እህል የለም፣ አህያ እንኳ የለችም። ክርስቲያኑ ጽዮንን፣ እስላሙ ዒድን ይዞ ቤቱ ነው። ሞተሩ ብቻ ናፍጣ እየጠጣ በባዶ ይጮኻል። ቅድም ሰይድ ነጭ ለብሶ ከእናቱ ጋር በአጥሩ በኩል አለፈ። እናቲቱ ጎንበስ ብላ፣ «እንኳን አደረሰዎ፣ አባ» አለችኝ። አብሮ ያድርሰን አልሁ።

አቶ ደምሴ አሁን ከደጀን ገባ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰዉ የት ሄደ እያለ ዘበኛውን ያፋጥጣል። ቆርጫለሁ፦ ለከርሞ ጽዮንን ለእኔ፣ ዒድን ለሰይድ፣ ያለ ልመና፣ በደመወዝ ይፍቀድ፤ አለዚያ ሚዛኑን ራሱ ይያዝ። ወደዚህ እየመጣ ነው። ብዕሬን ላስቀምጥና