አልነሣ ያለው ማጨጃ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይከተልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ አባትህ ልቡን ከታመመ ወዲህ ግን ማልቀሱም መፍራቱም አልተወኝም።

ሐኪሙ ሣር እንዳያጭድ ከለከለው፤ እሱ ግን አልሰማም። ስለዚህ ተደብቄ የማጨጃ ማሽኑን ሞተር በእሳት ብልጭታ የሚያስነሣውን ደህና ካንዴላ አውጥቼ የተቃጠለ ገጠምኩበት። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር ሲፈታ፣ በቤንዚን ሲያጥብና መልሶ ሲገጥም ይውላል።

ትናንት ጎረቤታችን መካኒኩ የማስነሻውን ገመድ ሊስብለት መጣ። ካንዴላውን ፈትቶ አየና ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል» አለ።

አባትህም ደስ ብሎት፣ «ካርቡሬተሩ ነው አላልኩህም?» አለው።

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። አደራህን፣ ስትደውል አዲስ ካንዴላ ልላክልህ እንዳትለው።

እናትህ