የደረቁት ስድስት ጅማቶች

ውድ ችኩሌ፣

"ውድ" ያልኩህ እጄ ለምዶብኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ቢሮ አስጠርተውኝ የጻፍከውን ማብራሪያ አነበቡልኝ። "ቴክኒሻኗ ናሙናዎቹ መድረቃቸውን ደብቃኛለች" ይላል። ደብቃኛለች! ወይ ነዶ! ጆሮዬን አላመንኩም፤ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።

አራት ዓመት አብረን ጅማት ስንስብ ኖረናል። እኔ ከቄራ የመጣውን የበግ እግር ገፍፌ ጅማቱን አወጣለሁ፤ አንተ ጥንካሬውን በሚለካው መሳቢያ ማሽን መቆንጠጫ ላይ ታስረዋለህ። የጨው ውሃ መርጫ ከእጄ ስለማይጠፋ "እትዬ ጨው" ያልከኝ አንተው ነህ፤ እኔም ጥድፊያህን አይቼ "ችኩሌ" አልኩህ። የደረቀ ጅማት እንደ ዱላ ግትር ይላል፣ ልኬቱም ውሸት ይሆናል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

የጅማት ጥንካሬ በአብዛኛው ከኮላጅን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። እኛ የያዝነው መሃሉ በጥቂቱ የተበተነውን ኤላስቲን የሚባለውን ፕሮቲን ነበር። እሱን በኢንዛይም ከውስጡ ብናወጣው ጅማቱ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ?

ያን ማክሰኞ ስለ እናቴ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ኤላስቲናቸው የወጣውን ስድስት ጅማቶች ትሪ ላይ ትቼ ወጣሁ። ስመለስ የሸፈንኩበት ጨርቅ ደርቆ ተጣብቆባቸዋል። ደንግጬ ውሃ ረጨሁባቸውና ዝም አልኩ። አንተም ሳታውቅ ሳብካቸው።

"እትዬ ጨው፣ ጉድ ነው! ኤላስቲኑ ሲወጣ ጭራሽ ገተረ!" ብለህ ላቦራቶሪውን በጭፈራ ዞርከው።

በማግስቱ እጅ መታጠቢያው ጋ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩህ።

"አይዞሽ እቴ፣ ሰው አይደለሽ? እነዚያን እጥላቸዋለሁ፣ በሌላ እንደግመዋለን። በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር" አልከኝ። በዚያው ሳምንት ብርቱካን ገዝተህ እናቴን ጠየቅክልኝ።

ለድጋሚው የሌሎች ስድስት ጅማቶችን ኤላስቲን አውጥቼ በረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እናቴ ሞተች። ከሐዘን ስመለስ የጥናት ጽሑፉ ታትሞ፣ አንተም በጭብጨባ ስትታጀብ ደረስኩ። "ደገምኩት፣ ያው ነው" አልከኝ። አመንኩህ፤ አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነበር?

አሁን ሌላ ላቦራቶሪ ሞክሮ አልሆን ሲለው፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ በእኔ ላይ አላከክህ። ሰኞ ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ከሥራ ልባረር አልባረር ይወስናል።

ዛሬ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ስድስቱም እዚያው ናቸው፤ "ለድጋሚ" ብዬ የለጠፍኩበት ወረቀት እንኳ አልተነካም። ለካ አልደገምከውም፤ ያሳተምከው የደረቁትን ነው። ከሰዓት ፕሮፌሰሯ ባሉበት፣ ጨርቁን ደቂቃ በደቂቃ እያረጠብኩ ሳብኳቸው። አንዱም አልገተረም። ስንለቃቸው እንደረዘሙ ቀሩ እንጂ ወደ ልካቸው አልተመለሱም።

"ታዲያ ያኔ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

"ለእሱ ነገርኩት።"

"ማን ሰማ?"

ማንም አልሰማም። ሰኞ የራሴን ጥፋት አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ያን ማክሰኞ ዝም ማለቴን አልክድም። ቀጥዬ የአንተን እናገራለሁ፤ ስድስቱንም ጅማቶች ይዤ እገባለሁ። ያመነኝ ይመነኝ፣ ያላመነኝ ይቅር።

አንድ ነገር ብቻ ለኮሚቴው አልናገርም። እናቴ ብርቱካኑን መብላት አቅቷት ትራሷ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን አንተን ስትመርቅ ነው የሞተችው።

እትዬ ጨው የነበረችው