ለታመመ ልብ ዋስ ለሚጠይቁ ሹም

ለክቡር የባቡር ጣቢያ ሰፈራችን ሹም፤
አዳማ።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ ልብዎም ቀንና ሌሊት ሳትዛነፍ እንድትመታልዎ እመኛለሁ፤ የእኔዋ የምትታመን አይደለችምና ምኞቴ ከመካከል ቢቋረጥ ይቅር ይበሉኝ።

እኔ በሰፈርዎ የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ አሮጊት ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ቃሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፤ ደጅዎ ቆሜ የተናገርሁትን ስላልሰሙኝ ነው በጋዜጣ የጻፍሁልዎ።

ሕመሜን ያውቁታል። ልቤ ጥቂት ደኅና ትሄድና ድንገት እንደ ደነበረ በቅሎ ትጋልባለች፤ ደግሞ ቀጥ ትላለች፤ እኔም እስክትመለስ ግድግዳ ይዤ እጠብቃታለሁ። ጸበል ተጠመቅሁ፣ የሶደሬ ፍል ውሃ ገባሁ፤ ለጊዜው አሳረፉኝ እንጂ ተመልሳ ያችው ናት። በመጨረሻ በየወሩ በባቡር ይመጣ የነበረው ግሪክ ሐኪም በውሃ የሚጠጣ ጠብታ ሰጠኝና ቤቴን ጠርጌ፣ ውሃዬን ቀድቼ መዋል ጀመርሁ። ሐኪሙም መድኃኒቱ ዕድሜ ልኬን የምወስደው መሆኑን፣ ሲበዛ እንደሚገድል፣ ሲያንስ እንደማይረባ፣ ስለዚህ በየወሩ ሊያየኝ እንደሚገባ ነገረኝ። ዘላቂ መድኃኒት አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ እርስዎ ደረሱልኝ። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ከቆቃ በኩል በቃሬዛ የመጣ አንድ ሰው ሐኪሙ ሳይነካው ስለ ሞተ፣ ዘመዶቹ ደም እንዳይጠይቁ እርስዎ ሠግተው፣ ከእንግዲህ በሽተኛ ሁሉ በመድኃኒቱ ላለመሞቱ ዋስ ይጥራ ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ለተበደረና ለተከሰሰ ሰው ዋስ መጥራት የአገራችን ወግ ነው፤ ለታመመ ሰው መጥራትን ግን ከእርስዎ ተማርን።

፪ኛ፤ ሴት ዋስ አትሆንም ስላሉ ከብት ነጋዴውን ጎረቤቴን ጆቴን ለመንሁት። «እትዬ፣ ለበሬ ዋስ ሆኜ አውቃለሁ፤ በሬ ቢጠፋ ዱካውን እከተላለሁ። የእርስዎ ልብ ብትጠፋ በየት በኩል ልከተላት?» ብሎ አሳቀኝ፤ ሆኖም ገበያውን ትቶ ከእኔ ጋር ደጅዎ መጣ። እርስዎ በወጡና በገቡ ቁጥር እጅ ለመንሣት እየተነሣን ዋልን፤ ልቤም አብራኝ እየተነሣች ዋለች። ወደ ማታ አስጠሩንና ዋሱንም ሌላ ዋስ ጥራ አሉት። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፫ኛ፤ ይህኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሐኪሙን ራሱን ዋስ ጥራ አሉት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እዚህ አጎት የለው፣ አማች የለው፤ ሣጥኑን ዘግቶ በባቡሩ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። እርስዎም ዋስ ያጣ ሰው ቀድሞም አይታመንም አሉ ሲባል ሰማሁ። ከማይታመን ሐኪም ስላዳኑን አመሰግናለሁ፤ ከበሽታው የሚያድነን ግን አልቀረም።

አሁን ጠርሙሴ እያለቀ ነው። እንዲቆይልኝ ብዬ ከታዘዘልኝ አሳንሼ እጠጣለሁ፤ ልቤም ማነሱን ታውቅብኛለች። ትናንት እንስራ እንደ ተሸከምሁ ከመንገድ ወደቅሁ። ያነሡኝ ሰዎች ዋሷ ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ወግ የማያውቁ ስለሆኑ ዝም ብለው አነሡኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሐኪሙ ይመለስ፤ ዋስ የሌለው ከሆነ ሴትነቴን ይለፉኝና ዋሱ እኔ ልሁን። በመድኃኒቱ ብሞት የሚይዙት እኔን ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚጠየቅ የለም። የት እንደምገኝም ከዚያ በኋላ አይጠፋዎትም፤ የትም አልሸሽም።

ትእዛዝዎን እስትንፋሷ እስከ ፈቀደላት ድረስ የምታከብር፣ ልቧ በቆመች ጊዜ እንኳ ለክብርዎ የቆመች የሚመስላት፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ ታዛዥዎ፣

ዘርፉ ተክለሃይማኖት
አዳማ፣ የካቲት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ተጨማሪ፤ ባለፈው ታኅሣሥ ጥርስዎን ለማስነቀል አዲስ አበባ ሲሄዱ ዋስ የጠየቀዎት የለም አሉ። ምናልባት ወደፊት የሚጠይቅዎ ቢመጣ አስቀድሜ ላዘጋጅልዎ ብዬ፣ ለሹማችን ዋስ የሚሆን ማን ነው ስል ገበያተኛውን ሁሉ ጠየቅሁ። ሰዉ እስካሁን እያሰበ ነው።