የሞጣዋ አምቡላንስ የምትጠራበት ሰዓት

ኅዳር 2 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ብቸና

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ ልጄ ወይንእሸት የዐሥራ አራት ወር የአምቡላንስ ጥሪ መዝገብ እንዳመሳክርላት ከሞጣ ይዛልኝ መጥታለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርሁና ዓይኔን ታምናለች። የማየውን በየዕለቱ ላሰፍር ነው።

አምቡላንሷ አንዲት ብቻ ናት። ወይንእሸት 412 ጥሪዎችን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብታ ሰንጠረዥ አውጥታለች፤ ብዙው ሰው የሚደውለው ጠዋት፣ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ነው ይላል። በዚሁ ምክንያት የምትሠራበት የጤና ጽሕፈት ቤት ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ መኪናዋን ከሰዓት በኋላ ክትባት ይዛ ገጠር እንድትሄድ ወስኗል። ሰንጠረዡን ባቀረበችበት ስብሰባ ተጨበጨበላት። ስትነግረኝ እኔ አላጨበጨብሁም፤ መዝገቡን ተቀበልሁ።

ኅዳር 4

ሁለት የእጅ ጽሑፍ... የሁለቱ ሾፌሮች፣ የሙሂዲንና የታደለ፤ በየሳምንቱ ተራ ይገባሉ። የሙሂዲን ቁጥር የተረጋጋ፣ የታደለ የተጣደፈ። ከዚህ ሌላ ምንም አላየሁም።

ኅዳር 5

አየሁ። በታደለ ሳምንት ጥሪው የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሙሂዲን ሳምንት ጠዋት። ያው መኪና፣ ያው ቀበሌ... ሰው የሚታመመው የሾፌሩን ተራ እየጠየቀ ነውን? ታደለ 14፣ 15 ብሎ ይጽፋል። ሙሂዲን ግን ከ12 የሚበልጥ ሰዓት አንድም ቦታ አልጻፈም።

ኅዳር 7፣ ሞጣ

በሚኒባስ መጣሁ። ሙሂዲን መኪናዋን ሲያጥብ ደረስሁበት። መዝገቡን በብብቴ ሲያይ «ሊከሱኝ መጡ እንዴ፣ አባባ?» አለ። የሐምሌ 9ን ገጽ ገለጥሁለት፤ ፈንታነሽ የምትባል ወላድ፣ 10:10 ይላል። አልዘነጋትም። የአስርን ሶላት ሰግዶ ጫማውን ሳያስር ነበር የተደወለለት፤ ሕፃኑም መንገድ ላይ ተወለደ። የአስር ሶላት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው እንጂ ጠዋት አይደለም።

«ዐሥር ሰዓትን ዐሥር ካላልሁ፣ ምን ልበለው ታዲያ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እርሱ በእኛ ሰዓት ጻፈ፤ ታደለ ከስልኩ ላይ በፈረንጅ ሰዓት። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም በፈረንጅ ቆጠራቸው። የፈረንጅ ጠዋት ዐሥር የእኛ አራት ሰዓት አይደለምን? ሙሂዲን የሌሊቱን ጥሪ «ሌ» በሚል ፊደል ለይቶታል፤ ያልለየው ሁሉ የቀን ነው።

ለወይንእሸት ነገርኋት። ሰንጠረዡን አወጣች... «አባባ፣ ተጨብጭቦለታል እኮ።»

«ያጨበጨቡት ሰዎች በዘጠኝ ሰዓት ምጥ ቢይዛቸው ወዴት ይደውላሉ?»

ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። የዕድገት ደብዳቤዋ የሚጠብቀው ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው። ዐውቅ ነበር። ቢሆንም አላባበልኋትም።

ኅዳር 11፣ ብቸና

በስልክ፦ ሾፌሮቹን አጠገቧ አስቀምጣ 412ቱን ጥሪ እንደ ገና እያስገባች ነው። ድምፅዋ ደክሟል። ስብሰባው ኅዳር 16 ነው።

ኅዳር 16

የተደወለልኝ ከሙሂዲን ነው እንጂ ከእርሷ አይደለም። በስብሰባው ማንም ሳይጠይቃት ተነሥታ፣ «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሾፌሮቹን በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደሚጽፉ ሳልጠይቅ አስገባሁት» አለች። ከ412ቱ 231ዱ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዕቅዱ በዚያው ሰዓት መኪናዋን ገጠር ሊሰድዳት ነበር... በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ አልነበረም። ኃላፊው፣ የጸደቀ ዕቅድ በቃል አይሻርም፣ በጽሑፍ አቅርቢ ብለዋታል።

ሙሂዲን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «የእርስዎ ልጅ መሆኗን ያኔ ዐወቅሁ» አለኝ።  

ኅዳር 19

ለኃላፊው የጻፈችው ደብዳቤ እንዳየው በሚኒባስ ደረሰኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእጄ ያለፈ ጽሑፏ ቀይ እስክሪብቶ ሳይነካው ቀርቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቀዩን ወደ ኪሴ መለስሁ። በሰማያዊው፣ «መዝገቡን ያመሳከረ» ከሚለው ሥር ፈረምሁ፤ ስሜ ከስሟ በታች ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው... ደስ አለኝ። ማሰሪያውን እዚህ ገልብጬዋለሁ፦

«አምቡላንሷ ከሰዓት በኋላ ከሞጣ እንዳትለይና ክትባቱ ጥሪ በሚያንስበት በጠዋት እንዲጓጓዝ፣ ዕቅዱ ታኅሣሥ 1 ከመድረሱ በፊት ይታረም ዘንድ እጠይቃለሁ። ውሳኔያችሁን እስከ ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ።»