ሀሲባ ያመጣችልኝ አፈር

ብሩክሊን ሴንተር፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ዘይኑዲን፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ከረመ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሥራም እንደ ወትሮው ነው።

ልጄ ሀሲባ በዚህ ሰመር ከእኛ በስተሰሜን ባለ ጫካ ውስጥ ለጥናት ረግረግ ትለካለች። ቅጠልና ሥር ለብዙ ሺህ ዓመት ሳይበሰብስ የተጠራቀመበት ጥቁር አፈር ነው። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ካርቦኑን ይዞ ይቀመጣል፤ ከደረቀና እሳት ከገባበት ግን ከሥር ከሥር እየነደደ ሁሉንም አየር ላይ ይለቀዋል አለችኝ። መሬት ደግሞ ይነዳል ወይ ብዬ ስቄባት ነበር።

ሰኔ ላይ ስትመጣ ከዚያው አፈር በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። እኔ ሆዬ እንዳይሻግት ብዬ ገልብጬ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት! «ማም፣ ኖ! መድረቅ የለበትም እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ዘንድሮ ሰሜኑ ደርቋል ይላሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ ጭሱ እኛ ድረስ ይሸታል። እዚያ ኔትዎርክ ደካማ ስለሆነ ስልኳ አይጠራም። ጠርሙሱ ውስጥ የመለስኩት አፈር ላይ ግን ከየሶላቱ በኋላ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፤ በቀን አምስቴ።

እናንተ ዘንድ ዝናቡ ጥሩ ነው አሉ፤ ደስ ብሎኛል። ለዝናብ ዱዓ የሚያደርጉት አባቶች ለዚህም አገር እጃቸውን ያንሱልኝ።

ለእማዬ ስታነብላት የጭሱን ነገር ዝለለው። ሀሲባም ደውላ ሰላም ብላሻለች በላት።

እህትህ ሙፈሪያት