ከዓይኑ የለቀቀው ከሰል

ይድረስ ነቀምት ላሉት ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

የጌታ ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥዎ፤ ወንድምዎ በቀለ ስልክ ላይ ማውራት ሰልችቶት ነው።

ከድንጋይ ከሰሉ ሥራ ወጥቶ ቤት ገብቷል። ይሠራበት የነበረው መንደር በአውሮፕላን የሚኬድበት፣ ከጥንት ጀምሮ ሲቆፈር የኖረ፣ አንድ ሱቅና አንድ መንገድ ብቻ የቀረው በረሃ ነው፤ ሰዉ ግን አይለቀውም። በቀለ ፈረቃውን ጨርሶ ወደ ሜልቦርን ሲመለስ የከሰሉ ብናኝ ሽፋሽፍቱ ሥር ስለሚቀር የተኳለ ይመስል ነበር። ልጃችን ዓያንቱ ትስቅበት ነበር። አሁን ከዓይኑስ ለቋል።

ደረጃው ስለሚያደክመው አልጋችንን ከፎቅ ወደ ሳሎን አወረድነው። እሱ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ መተኛት ይሻለኛል ይላል። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ ባደርግለት፣ «ሥራ ፈታሽ እንዴ?» አለኝ። ይህን ግትርነት ከየት አመጣው? እርስዎ አይደሉ ያሳደጉት!

ቸርች አይቀርም። እንደ ድሮው ከመዘምራኑ ጋር ፊት ቆሞ ያጨበጭባል፤ ማጨብጨብ ብቻ።

እናታችሁ ይወዱት የነበረውን መዝሙር እንዲዘምርልዎ እርስዎ ጠይቀውት ነበር። በልጅዎ ስልክ ልኬልዎታለሁ፤ ወደ ከሰሉ ከመሄዱ በፊት የዘመረው ነው። እሱኑ ደጋግመው ይስሙት፤ እባክዎ አዲስ አይጠይቁት።

ለሁላችንም ይጸልዩልን። ጊዜ ካጠረዎ ግን እኔንና ልጄን ይተዉን፤ ለእሱ ብቻ ይጸልዩ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ሚስት ኑኃሚን
ከሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ሜልቦርን